ልጁን «አባቴ» የሚለው ንጉሥ

ሰኞ፣ ፌብ. 3። ጧት።

ሄድሴቱ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል። ስልክ ገና አልመጣም። ሰኞ ሁልጊዜ ከሐኪም ቤት ነው የሚጀምረው፤ አንዲት እናት ስለ ስኳር ሕመሟ ትናገራለች፣ እኔ ለዶክተሩ በእንግሊዝኛ፣ የሱን ደግሞ ለሷ በአማርኛ። ቀኑን ሙሉ የሰው ቃል ማመላለስ። የስልክ አስተርጓሚ ነኝ፣ እንጀራዬ ይኸው ነው። ዛሬ ግን፣ ማስታወሻዬ፣ ስልኩ ከየትም ይምጣ ስቄ ነው የማነሳው። አባዬ ነግሧል።

ላስረዳሽ። እዚህ አትላንታ አጠገብ፣ ዶራቪል፣ ከአንድ ግሮሰሪ ጀርባ፣ ደረጀ የሚባል ሰው ስቱዲዮ አለው። እስከ ዛሬ የሠርግ ቪዲዮ ሲያቀናብርና መዝሙር ሲቀዳ የኖረ። አሁን ትልቅ ነገር ይዟል። የህንድ ተከታታይ ፊልም። ከሂንዱዎች ጥንታዊ ታሪክ የተሠራ፤ የወንድማማች ልጆች ለአንድ ዙፋን የሚተላለቁበት። በአማርኛ ዳብ ይደረጋል፣ የኛ ድምፅ ይገባበታል። ተርጓሚዋ እኔ፣ ተዋንያኑን የማሠራውም እኔ። መጀመሪያ አንድ ክፍል ለሙከራ እናቀርባለን። ባለቤቶቹ ከወደዱት ሙሉው የኛ ነው። ካልወደዱት ለሌላ ስቱዲዮ ይሰጣል።

ትናንት ለዓይነ ስውሩ ንጉሥ ድምፅ ስንመርጥ ዋልን። የመጡት ሁሉ ያገሳሉ። ንጉሥ ማለት አንበሳ የሚመስላቸው። አባዬ የመጣው ቤት ብቻዬን ከምውል ብሎ ነው፤ ጥግ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ደረጀ፣ እስቲ ጋሽ ይርጋ እርስዎም ይሞክሩት አለ፣ ለጨዋታ ያህል። አባዬ በወጣትነቱ የሬዲዮ ድራማ ተጫውቷል። እዚህ ማን ያውቅለታል? አትላንታ ኤርፖርት ዊልቸር ሲገፋ ነው ጡረታ የወጣው። ተነሣ። መነጽሩን አደረገ። አነበበ። ደረጀ ሪከርዱን ማቆም ረሳ።

ስንመለስ እስከ ቤታችን ሊልበርን ድረስ አንድ ቃል አልወጣውም። ቤት ደርሰን ፓርክ አድርጌ ሳልጨርስ፣ ንጉሥ ሆኜ አላውቅም አለኝ፤ ሁሌ የሚሰጡኝ ዘበኛ ነበር።

ስልክ። ሄድኩ።


ረቡዕ፣ ፌብ. 5። ከሰዓት።

ንጉሡን ላስተዋውቅሽ። ሲወለድ ጀምሮ አያይም። ታላቅ ወንድም እሱ ነበር፤ ማየት የተሳነው አይነግሥም ተብሎ ዙፋኑ ለታናሹ ተሰጠ። ታናሹ ሲሞት ዙፋኑ ወደ እሱ መጣ፣ የሟቹ ልጆች እስኪያድጉ፣ በአደራ። ሚስቱ፣ ባሌ የማያየውን ዓለም እኔም አላይም ብላ ዓይኗን በጨርቅ አስራ ትኖራለች። የበኩር ልጁ ትዕቢተኛ ነው፤ የአጎቱን ልጆች ድርሻ ይፈልጋል። ንጉሡ ልክ እንዳልሆነ ያውቃል፣ ይፈቅድለታል። ልጁ በቁማር አታሎ አገራቸውን ይወስዳል። ይፈቅድለታል። የሁሉም የጋራ ሚስት የሆነችውን ሴት በጉባኤ መሀል አስጎትቶ ያዋርዳታል። ንጉሡ ዙፋኑ ላይ ዝም። ከዚያ ጦርነት። ከዚያ ማን ተረፈ ብትይኝ እንጃ።

የሚገርመኝ ይህን ሰው ፊልም ሠሪዎች በየዘመኑ እንደ አዲስ መፍጠራቸው። ታሪኩ አንድ፣ ሰውየው ሌላ። በካሴት ዘመን የተሠራው የሚያሳዝን ሽማግሌ ነው። ሁሉ ዕጣ ፈንታ ነው ይላል፤ ሲያለቅስ ከጀርባ ዋሽንት ይሰማል። አባዬ የሚያውቀው ያንን ነው። አሜሪካ እንደገባን ጎረቤቶቻችን ህንዶች ነበሩ፤ እሑድ እሑድ ካሴት ሲከፍቱ አብሯቸው ይቀመጥ ነበር፣ ቋንቋውን ሳያውቅ፣ በድምፃቸው ብቻ እየተከተለ። በኋላ የመጣው፣ በወርቅና በኮምፒውተር እሳት የተንቆጠቆጠው፣ ንጉሡን ስስታም አደረገው። የዙፋኑን እጀታ ጨምድዶ የያዘ፣ የልጅነት ቂሙን የሚያመነዥክ። እሱን ማየት ቀላል ነው። ትጠዪዋለሽ፣ አለቀ።

የኛው ግን፣ አሁን የምንሠራው፣ አስቸጋሪ ነው። ይቀልዳል። ሆዱን ይወዳል። ለአሽከሮቹ ደግ ነው። ጆሮው ሁሉን ይሰማል፤ ግን ሁልጊዜ ምን ሆነ፣ ምን ተፈጠረ እያለ ይጠይቃል፣ ነገሩ ያልገባው ይመስል። ይህን በአማርኛ እንዴት ላምጣው? ለጊዜው በነገሥታት አማርኛ ጽፌዋለሁ። አዝነናል፣ ፈቅደናል፣ ብለናል። ሳነበው ራሴን አስደነቅኩት። እንዲህ ያለ አማርኛ ሊልበርን ውስጥ ማን ይጽፋል?


ቅዳሜ፣ ፌብ. 8። አመሻሽ።

ተቀዳ!

መጀመሪያ ላይ ፉጨት። ቀጭን፣ ጥርስ የሚያሳክክ። ደረጀ ገመድ ነቀለ፣ ገመድ ሰካ፣ ማይክ ቀየረ፣ ኤሌክትሪኩን ረገመ። ለካስ የአባዬ የጆሮ መስሚያ ነው፤ ሄድፎን ሲደረብበት ያፏጫል። አንደኛውን አወለቀ። በቀረው አንድ ጆሮ ተራው ሲደርስ ስለማይሰማ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ትከሻውን መታ አደርገዋለሁ። መታ፣ ይናገራል።

እና አለቀሰ፣ ማስታወሻዬ። እንደዚያ የካሴት ሽማግሌ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ፣ ተሰበረ፣ ደግሞ ተነሣ። ንግሥቲቱን የምትሠራው ልጅ ማስካራዋ ወረደ። የኔም። ደረጀ ብቻ ፊቱን አጨማደደ። ሕዝብ የሚጠላው ሰው ይፈልጋል ይላል፤ ትንሽ ያጉረምርምልኝ ይላል። አልሰማሁትም። ሙከራው ተልኳል።

ስወጣ መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን ዘፈንኩ። እናሸንፋለን።


ማክሰኞ፣ ፌብ. 11። ምሳ ሰዓት።

አላሸነፍንም።

ወ/ሮ ሱጃታ ዛሬ ጧት ስቱዲዮ መጡ። የፊልሙ ባለቤቶች እዚህ ያላቸው ወኪል ናቸው፤ ጠና ያሉ፣ ሹራባቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል የሚያደርጉ ሴት። አማርኛ አያውቁም። የራሳቸውን ስክሪፕት ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። የንግሥቲቱን ወደዱ። የመሳፍንቱን ወደዱ። ንጉሡ ጋ ሲደርሱ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ይህ ንጉሥ ያሳዝናል» አሉኝ። «የኛ ማሳዘን የለበትም። ሰው ሲሰማው የራሱን ዘመድ ማወቅ አለበት።»

ደረጀ ወዲያው፣ የሚያገሳ ሰው አለኝ አለ። ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። ማገሳትም ሰምተዋል፣ ያም ዘመድ አይደለም። አንድ ዕድል ሰጡን። ቅዳሜ 22፣ ራሳቸው ተቀምጠው ይሰማሉ። ሌላ ስቱዲዮ ይጠብቃቸዋል።

እሳቸው እንደወጡ ከደረጀ ጋር ተጣላሁ። ጋሽ ይርጋ ሽማግሌ ናቸው፣ ጆሯቸውም አስቸገረን፣ ሰው እንቀይር አለኝ። ንጉሡ ከተቀየረ ተርጓሚም ፈልግ አልኩት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ደረጀ ገመዶቹን መጠቅለል ጀመረ። ዝም ማሰኘቴን ወደድኩት።

አባዬ ስነግረው አልተቆጣም። ያልሆነው የኔ ድምፅ ነው ወይስ ያንቺ ቃል አለ። ሁለቱም አልኩት። እኔም ጠርጥሬአለሁ አለ።


ሐሙስ፣ ፌብ. 13። ማታ፣ ከእራት በኋላ።

ታናሽ ወንድሜ ብሩክ መጣ። ስማይርና ነው የሚኖረው። ጎሚስታ ሊከፍት ነው፣ የራሱ፤ ጎማ መለወጫው፣ መንፊያው፣ ሁሉ ገብቷል። ደስ አለኝ፣ ከልቤ። ከዚያ የሚከፍትበትን ቀን ተናገረ። ቅዳሜ 22። አባዬ በሩ ላይ ካሸሩ ጋ ይቀመጥልኝ አለ፣ ደንበኛ ይቀበል፣ አበሻ ሽማግሌ ሲያይ ያምናል። ከዚያ በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ።

አባዬ ምን አለ መሰለሽ? እሺ አባቴ። እሺ ጌታዬ።

ብሩክ ሲሄድ ኩሽና ገብቼ ድስቱን ከሳህኑ ጋር አጋጨሁት። አባዬ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። ላንቺም ቃል ገብቻለሁ፣ ለሱም ገብቻለሁ፣ እግዜር ያውቃል አለ። እግዜር ቅዳሜ ሁለት ቦታ አያቀርብህም አልኩት። ወደ ክፍሉ ገባ።

ብሩክ ክፉ አይደለም። እምቢ የሚለውን ቃል ከአባዬ አፍ ሰምቶ አያውቅም፣ ይኸው ነው። ትምህርቱን ሲተው እሺ አባቴ። ሥራ በየወሩ ሲቀይር እሺ ጌታዬ። እኔ ነርስ ልሁን ስል ግን እስቲ ይታሰብበት ነበር።

እጄ በሳሙና እንደተነከረ ቆምኩ። አባቴ። አባት ልጁን አባቴ ይለዋል። በየቤቱ ይባላል፣ ማንም ልብ አይለውም። ግን እስቲ አስቢው፤ ንጉሥ ልጁን አባቴ ሲለው፣ ማን ነው የነገሠው?

ሳህኖቹ እንዳሉ ናቸው። ስክሪፕቱ ጋ ልሂድ።


እሑድ፣ ፌብ. 16። ከቤ/ክ መልስ።

እየጻፍኩ ነው። እየጻፍኩ ነው! ነጠላዬን እንኳ አላወለቅኩም።

ያ ያማረ የነገሥታት አማርኛ ለካስ ግድግዳ ነበር። ንጉሡን ከኋላው ደብቄዋለሁ። አሁን በጉባኤ ላይ ብቻ ፈቅደናል፣ ብለናል ይላል። በሩ ሲዘጋ፣ ልጁ ሲገባ፣ እሺ አባቴ። ልጁ በሰው ፊት ንጉሥ ሆይ፣ እርስዎ። በጓዳ አንተ። ንግሥቲቱን ደግሞ፣ ዕድሜ ልኳን እርስዎ ስትለው ኖራ፣ ልጅህን ያዝ ብላ የምትለምንበት ቦታ ላይ አንተ አሰኘኋት። አንዲት ቃል ናት። ጮክ ብዬ ሳነበው ክንዴ ላይ ያለው ጠጉር ቆመ።

ለወ/ሮ ሱጃታ ደወልኩላቸው፣ በእሑድ ምድር። በኛም ቋንቋ እኮ አንተና እርስዎ አለ አሉኝ፣ ደራሲዎቻችን በዚያ ሲጨቃጨቁ ነው የከረሙት። ሁለታችንም በስልክ ውስጥ እንደ ልጅ ሳቅን። መንገዴ ትክክል ነው።

አንድ ቦታ ግን አልነካሁም። በጉባኤው መሀል ሴቲቱን ሲጎትቷት፣ ስታለቅስ፣ ንጉሡ ማን እንደሆነች ያውቃል። ሆኖም ይጠይቃል፤ ማነው የሚያለቅሰው? እሱን እንዳለ ተውኩት። አባዬ ይወቅበት።

አባዬ የሚመጣ ከሆነ።


ሰኞ፣ ፌብ. 17።

የአሜሪካ በዓል ነው፣ ስልኩ ቀዝቅዟል። አባዬን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አዲሱን ስክሪፕት ሰጠሁት። ፈራሁ። ብርጭቆ አጥባለሁ ብዬ ጀርባዬን ሰጠሁት።

ማንበብ ጀመረ። የጉባኤውን ክፍል በደንብ ሄደበት። ጓዳው ላይ ደረሰ። ልጁ ይገባል፣ ቁማሩን ፍቀድልኝ ይላል። አባዬ «እሺ አባ…» ብሎ ቆመ።

ጎረቤት የግቢ ቅጠል መጥረጊያ ሞተሩን እያስጮኸ ነበር። እስኪያልፍ ጠበቅን።

«ይህን ከየት አመጣሽው?»

«ከዚሁ ቤት» አልኩት።

መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ተቀይሞ ይነሣል ብዬ ነበር። አልተነሣም። መነጽሩን መልሶ አደረገ፣ መልሶ አነበበው። ደግሞ። በየጊዜው ድምፁን ዝቅ እያደረገ። ከዚያ ስለ ንጉሡ አወራኝ፣ ስለ አንድ የሩቅ ዘመዱ እንደሚያወራ። የካሴቱ ሰውዬ ሲያስለቅሰኝ ኖረ አለ፣ ግን ተሳስቷል፤ ይህ ሰው እሺ ሲል አያዝንም። ደስ ይለዋል። ልጁ ሲስቅለት ይሰማል፣ ዓይን የለው፣ የልጁ ሳቅ ነው ብርሃኑ። ክፋቱ እዚያ ላይ ነው። እሺ ማለት ጣፋጭ ነው፣ ሒሳቡን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

እኔ ምን ልበል? ሦስት ፊልም ሠሪ ያልነገረኝን በአንድ ሻይ ነገረኝ።

ቅዳሜ ትመጣለህ ወይ አላልኩትም። እሱም እመጣለሁ አላለኝም።


ረቡዕ፣ ፌብ. 19።

ደረጀ ቴክስት ያደርጋል። ጋሽ ይርጋ ይመጣሉ? የሚያገሳውን ሰው ልጥራ? ይመጣል ብዬ መለስኩ። አላውቅም እኮ። አባዬ ስክሪፕቱን ይዞ ከሳሎን ጓሮ፣ ከጓሮ ሳሎን። አንዴ ስልኩን አንስቶ የብሩክን ስም ሲያይ አየሁት። መልሶ አስቀመጠው።

ዛሬ ለአንዲት በሽተኛ ሳስተረጉም ዶክተሩን ንጉሥ ሆይ ልለው ምንም አልቀረኝ። ልቤ የለም።


ዓርብ፣ ፌብ. 21። ወደ ማታ።

ልንገርሽ።

ብሩክ ከሰዓት መጣ። አባዬ እሱ ጋ አድሮ ጧት አብረው እንዲከፍቱ ሊወስደው። ሸሚዝ ይዞለት መጥቷል፣ ሰማያዊ፣ ደረቱ ላይ በክር «ይርጋና ልጁ» የሚል የተጠለፈበት። የጎሚስታው ስም ነው። አላወቅንም ነበር። አባዬ ሸሚዙን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አነበበው። የተጠለፈውን ክር በጣቱ ዳሰሰ። በቃ፣ ተሸነፍን አልኩ በልቤ። ማን ይህን ትቶ ይቀራል?

ሸሚዙን በጥንቃቄ አጠፈ። ጭኑ ላይ አኖረ።

«ብሩክ፣ ነገ አልመጣም።»

በስሙ ጠራው። አባቴ የለም፣ ጌታዬ የለም። ብሩክ ሳቀ፣ ቀልድ መስሎት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ አንቺ ነሽ አለኝ። አባዬ እጁን አነሣ።

«እሷ አይደለችም። ቅዳሜ ሥራ አለኝ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ እመጣለሁ፣ ይህንንም ለብሼ እቀመጥልሃለሁ። ቅዳሜ ግን ሥራ አለኝ።»

ብሩክ እጁን የት እንደሚያደርገው አጣ። ኪሱ ከተተ፣ አወጣ። ፊልሙን ለመሳደብ አፉን ከፈተና ተወው። እራት ሳይበላ ሄደ። አሳዘነኝ፣ እውነቴን ነው፤ መኪናውን ሲያስነሣ ሁለቴ አጥፍቶ አስነሣው። አባዬ ግን ሶፋው ላይ ቆየ፣ ጉልበቱን እያሸ። ከዚያ ምን በልተን ነው የምናድረው አለኝ። ሙሉ ሳህን በላ።

እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ዘለልኩ። ትልቅ ሴትዮ።


ቅዳሜ፣ ፌብ. 22።

ከየት ልጀምር? ከፉጨቱ።

ወ/ሮ ሱጃታ ሶፋው ላይ። ደረጀ የድምፅ መቆጣጠሪያው ላይ፣ ላብ በላብ። ገና ሲጀመር ያ ፉጨት። አባዬ አንደኛውን መስሚያ አወለቀ። አሁንም ፉጨት። ሁለተኛውንም አወለቀውና ሁለቱን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታቸው። አሁን ምንም አይሰማም። ራሱንም። ደረጀ በመስታወቱ ውስጥ በእጁ ጠየቀኝ፤ ይቅር? ይቀጥል አልኩት።

ትከሻውን መታ አደረግኩት። ተናገረ።

ማስታወሻዬ፣ ያ ሁሉ ጌጥ ወደቀ። ራሱን ስለማይሰማ ድምፁን ማሳመር አልቻለም። ማንቀጥቀጥ የለ፣ መስበር የለ። ሰው ቤቱ ውስጥ እንደሚያወራ። ጓዳው ላይ ደረስን። ልጁ ለመነ፣ ተቆጣ፣ አኮረፈ። መታ። አባዬ ፈገግ አለ፣ በእውነት ፈገግ አለ፣ ካሜራ በሌለበት፣ «እሺ አባቴ» አለ፤ ከረሜላ እንደሚሰጥ ሰው። የደረጀ እጅ ቁልፉ ላይ ቀረ።

ከዚያ ጉባኤው። ሴቲቱን ይጎትታሉ። ታለቅሳለች። ዙፋኑ ዝም። ቆየሁ። ከሚገባው በላይ ቆየሁ፣ እጄ አየር ላይ። መታ።

«ማነው የሚያለቅሰው?»

በር ሲንኳኳ ማን መጣ እንደሚባለው። እንዲያ ብቻ። አባቴ ነው የተናገረው፣ የማውቀው አባቴ፣ ግን በዚያች ቅጽበት አላውቀውም።

ወ/ሮ ሱጃታ ቆመዋል። ሹራባቸው ወድቋል። አትድገሙት አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ አጎቴን ሰማሁት አሉ። ሌላ ማብራሪያ አልሰጡም፣ አልጠየቅናቸውም።

ሁላችንም ደርቀን ስለቆምን አባዬ የተበላሸ መሰለው። ልድገመው ወይ ብሎ ጮኸ፣ ጆሮው ባዶ ስለሆነ እንደ ገበያ። ያን ጊዜ ሁላችንም ሳቅን፣ ደረጀ ዓይኑን እየጠረገ። መስሚያዎቹን ከኪሱ አውጥቼ ራሴ አደረግኩለት። ጨርሰሃል አልኩት።


ዓርብ፣ ፌብ. 28።

ሙሉው የኛ ነው። ሁሉም ክፍሎች። ደረጀ ፓርኪንጉ ላይ መጥቶ አቅፎ አነሣኝ፣ ወገቡን ያመዋል እኮ። ጾም ስለገባ በሽሮና በጎመን ደገስን። አባዬ ንጉሥ ሽሮ ይበላል ወይ ብሎ አሾፈ፣ ሁለት ጊዜ ጨመረ።

የሚያገሳውን ሰውም አገኘነው። የጦር አዛዥ ሆኗል። እዚያ ላይ ያገሣ።

አባዬ ባለፈው እሑድ በቃሉ መሠረት ሸሚዙን ለብሶ ስማይርና ሄዶ ነበር። እስከ መዝጊያው ተቀመጠ። ብሩክ ብዙ አላናገረውም አለ። ግን ምሳ ራሱ አቀረበለት።


እሑድ፣ ማርች 16። ማታ።

ደረጀ ዶራቪል አዳራሽ ተከራይቶ የመጀመሪያውን ክፍል አሳየ። ወንበር አልበቃም። ከስማይርና፣ ከሊልበርን፣ ከየትም መጡ። አንዳንዱ በጥርጣሬ ነው የመጣው፤ የሌላ እምነት ታሪክ፣ ያውም በጾም። በር ላይ አንዲት እናት ይህን ስትል፣ አንድ አዛውንት፣ በኛም መጽሐፍ ልጆቹን ያልገሠጸ ካህን የለም ወይ ብለው ገቡ። ከኋላቸው ገባች።

እሺ አባቴ ሲመጣ አዳራሹ ሳቀ። የሚያውቁትን ሰው ያዩ ሳቅ። እናቶች ባሎቻቸውን በክርን ጎሸሙ። ከዚያ ልጁ አገሩን በቁማር ሲነጥቅ፣ ያች ሴት ስትጎተት፣ ሳቁ የት እንደገባ እንጃ። ማነው የሚያለቅሰው ሲባል ከኋላዬ አንዲት ሴት አንተው ታውቃት የለም እንዴ የሚል ዓይነት ትንፋሽ አወጣች። ሲያልቅ ተነሥተው አጨበጨቡ። አባዬ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ፣ እንደ ሙሽራ።

ፓርኪንጉ ላይ ክርክር ሆነ። አንዱ፣ ጨካኝ ነው እንጂ ምን ይባላል ይላል። ሌላው፣ አባት ነው፣ ወልደህ እየው ይላል። የሰውየው ሚስት፣ ዓይኑ ሳይሆን ወኔው ነው የታወረው አለች። ማንም መኪናውን አያስነሣም። በየጥጉ ቆሜ ሰማሁ፣ ስግብግብ ሆኜ፣ አንድም እንዳያመልጠኝ። ለዚህ ነው የሠራሁት። እንዲህ እንዲጣሉበት።

ብሩክ ኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ሲያይ ነበር። መጀመሪያ አላየሁትም፣ ወደ እኛ ሲመጣ ነው ያየሁት፣ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ። ሰዎቹ እስኪሄዱ ጠበቀ። አባዬ ፊት ቆመ።

«የሠራችሁት እኔን ነው፣ አይደል?»

የብሩክ አንገትጌ ተጣጥፎ ነበር፣ አባዬ አቃናለት።

«እኔን ነው» አለው።

ብሩክ ራሱን ደጋግሞ ነቀነቀ። ከዚያ ክንዱን ይዞ ወደ መኪናው ወሰደው፣ ቀስ እያለ፣ መንገዱ ላይ ጉድጓድ አለ እያለ። ቤት ያደረሰው እሱ ነው። እኔ ብቻዬን ነዳሁ፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ ብርዱን ከነምኑ።


ሰኞ፣ ማርች 17። ጧት።

ትንሽ ነው የተኛሁት፣ ቢሆንም ፊቴ ያበራል። መስታወት ነው የነገረኝ።

ወ/ሮ ሱጃታ አነጋገሩኝ። የሚቀጥሉት ክፍሎች እየመጡ ነው፤ ሥራው የቅዳሜ ሥራ አይሆንም፣ ሳምንቱን ሙሉ ነው። ተዋንያኑን የምትመርጪው አንቺ፣ ቃሉ ላይ የመጨረሻዋ አንቺ አሉኝ። ኢንሹራንሴን አሰብኩ። የቤት ኪራዩን አሰብኩ። ይህ ነገር ቢቆምስ አልኩ። ይህንን ሁሉ ሻይ ሳፈላ አሰብኩት፣ ሻዩ ሳይፈላ አለቀ ሐሳቡ።

አባዬን ምከረኝ አልኩት። መጨረሻውን እንዳትነግሪኝ አለ፣ ስለ ፊልሙ ነው፤ ጎረቤቶቹ ካሴቱ ሳያልቅ ነው ቤት የለቀቁት። ሌላውን አንቺ ታውቂያለሽ አለ።

በስልክ የማስተረጉምበት ድርጅት አለቃዬ ጋ ደወልኩ። በወሩ መጨረሻ እለቃለሁ አልኩት። ደግ ሰው ነው፣ ደነገጠ። ጥሩ ሠራተኛ ነሽ፣ አትቸኩይ፣ እስከ ዓርብ አስቢበት አለኝ።

አስቤ ጨርሻለሁ አልኩት።